ባለ ሕንፃው ካሜራ የዋጡ ዕለት

ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆኜ የሠራሁባቸው ዓመታት ከተማው በሙሉ የሚቆፈርባቸው ዓመታት ነበሩ። ጠዋት ከአያት ተነስቼ ስመጣ ትናንት ያለፍኩበት መንገድ ዛሬ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቀኛል። የታክሲው ረዳት ራሱ የት እንደሚያወርደን ስለማያውቅ "ወራጅ ካለ ይዝለል!" ይለን ነበር። ጫማዬ ሁልጊዜ በሲሚንቶ አቧራ ነጭ ስለሆነ፣ ነጭ ጫማ አድርጉ የሚለውን የክሊኒኩን ደንብ ሳልቸገር ነው የማከብረው።

ክሊኒካችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ፊቱ ሰማያዊ መስታወት፣ ጀርባው ገና ያልተለሰነ ብሎኬት ነበር። ከኛ በታች ጂም አለ፣ ከጂሙ በታች የሴቶች ፀጉር ቤት፣ ምድር ላይ ቡቲኮች። ሊፍትም አለ። ማለቴ፣ የሊፍት በር አለ። በሩ ላይ "በቅርብ ቀን ይጀምራል" የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። ጨጓራችንን ብለው ከቤታቸው የወጡ በሽተኞች ያን ሁሉ ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው እኛ ጋ ሲደርሱ፣ ዶክተሯ "ምንዎን ነው ያመመዎት?" ስትላቸው "ጉልበቴን" የሚሉ ነበሩ።

ዶክተሯ በዕድሜ ከኔ ብዙ አትበልጥም። አጭር ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ ነው፣ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። ግን ኢንዶስኮፒ ክፍል ስትገባ ሌላ ሰው ትሆናለች። ኢንዶስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ጥቁር ቱቦ በአፍ ገብቶ፣ በጉሮሮ ወርዶ፣ ጨጓራንና የአንጀትን መግቢያ በስክሪን የሚያሳይ ምርመራ ነው። እሷ በሽተኛው ከመግባቱ በፊት ኦክሲጅኑን ከፍታ ትሰማዋለች፣ ፈሳሽ መምጠጫውን በጣቷ ትሞክረዋለች፣ የድንገተኛ መድኃኒቶቹን እየነካች ታያለች። መብራት መጥፋት ያኔ ዜና ስላልነበረ ባትሪውንና ጄነሬተሩን ሳታስፈትሽ ቱቦ አታነሳም። በሽተኛውን ደግሞ ሦስት ነገር ሳትጠይቅ አልጋ ላይ አታወጣውም፦ ምን በልተዋል? ጥርስዎ የራስዎ ነው? ማን ይዞዎት ይሄዳል?

አንድ ቀን በነዚህ ጥያቄዎች ፊት የቀረቡት የሕንፃው ባለቤት ነበሩ።

ጋሼ እንላቸዋለን። ስልሳ ገደማ የሆናቸው፣ ደረታቸው ከራሳቸው ቀድሞ ክፍል የሚገባ ግዙፍ ሰው ናቸው። ሁለት ስልክ ይይዛሉ፣ በሁለቱም ይጮሃሉ። ተከራዩ ሁሉ ይፈራቸዋል። ውሃ ጠፋ ሲሏቸው "አፍሪካ ውስጥ ነው ያለሽው" ብለው የሚያልፉ፣ ሊፍቱ መቼ ነው ሲሏቸው "ደረጃ ለጤና ጥሩ ነው፣ ዶክተሯን ጠይቁ" የሚሉ ሰው ናቸው። ለካ እሳቸውም ሆዳቸውን እሳት ሲበላቸው ከርሟል። የጨጓራ ክኒን እንደ ከረሜላ በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ዶክተሯ መርምራ "በካሜራ ማየት አለብኝ" አለቻቸውና ቀን ተቀጠረላቸው። ከማታ ጀምሮ ምግብ እንዳይቀምሱ፣ ሰው ይዘው እንዲመጡ በደንብ ነገርኳቸው። እጃቸውን አወናጭፈው "ገባኝ፣ ገባኝ" አሉኝ።

በቀጠሮው ጠዋት ብቻቸውን መጡ።

"ጋሼ፣ ቁርስ በልተዋል?" አልኳቸው።

"ኧረ በጭራሽ! እንደታዘዝኩት ነው። አፌ ላይ ምንም አልዞረም።"

"ጎሽ።"

"ያቺን ፍርፍር ካልቆጠርሽ።"

"የቷን ፍርፍር?"

"ባለቤቴ ጠዋት የሰጠችኝን ነዋ። እሷ ደግሞ ምግብ ናት እንዴ? አፍ ማሟሻ ናት።"

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች። "ጋሼ፣ ዛሬ አይሆንም" አለች በዚያ ዝግ ባለ ድምጿ። "ጉሮሮዎን አደንዝዤ ቱቦ ሳስገባ ፍርፍሩ ወደ ላይ ይመጣል። ወደ ላይ ከመጣ ደግሞ ወደ ሳንባ ሊገባብዎት ይችላል።"

ጋሼ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። "ይሄ ሕንፃ የማነው?"

"የእርስዎ።"

"ይሄ ክፍልስ?"

"የእርስዎ።"

"ታዲያ?"

"ሆዱም የእርስዎ ነው ጋሼ። ግን እርስዎ የድሮው ተከራይ ሳይለቅ አዲስ ተከራይ አስገብተው ያውቃሉ?"

"በጭራሽ!" አሉ ሳያስቡት።

"እኔም አላስገባም። ፍርፍሩ ይልቀቅልኝና ነገ እንገናኝ። መኪናዎን የሚነዳልዎትና ቤት የሚያደርስዎት ሰውም ይዘው ይምጡ።"

እኔ ከክሊኒኩ የምንባረር መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን "እሱስ ልክ ነሽ" ብለው ደረጃውን ወረዱ።

በማግስቱ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ደረታቸው ላይ አቅፈው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ስንት ጊዜ በሕንፃው ሲያልፉ አይቻቸው ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው፤ ሳልጠይቃቸው ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ ቁልፍ አሳዩኝ።

"የኩሽናው ነው" አሉኝ። "ከትናንት ማታ ጀምሮ ቆልፌዋለሁ። ሁለቴ ተነስቶ እጀታውን ነካክቶታል፣ አልተከፈተለትም።"

ዶክተሯ በደስታ ልታቅፋቸው ምንም አልቀራትም።

"የሚወስዱት መድኃኒት አለ ጋሼ? አስፕሪን? ደም የሚያቀጥን? የማይስማማዎት መርፌስ?" ሁሉንም የለም አሉ። ሚስታቸውን አየች፤ እሳቸውም በአገጫቸው አረጋገጡ። "ጥርስዎስ የራስዎ ነው?"

"ሁሉም የራሴ ነው!"

"አዎ፣ የራሱ ነው" አሉ እትዬ ቀስ ብለው። "ከፍሎበታል።"

ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞረው የላይኛውን ጥርሳቸውን አወለቁና በጎድጓዳ ዕቃ አስቀመጥኩላቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቁጣቸው ግማሹ ጠፋ። ሰው ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲቆጣ አያስፈራም።

ዶክተሯ ምን እንደምታደርግ፣ ከስንት አንዴ መድማት ወይም መበሳት ሊያጋጥም እንደሚችል፣ ያኔ ምን እንደሚደረግ አስረዳቻቸው። ጋሼ በጽሞና ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ "ካሜራው እዚያው ቢቀርስ?"

"ሌላኛው ጫፍ እኔ እጅ ላይ ነው።"

"አደራ።"

ስልካቸውን ለሚስታቸው አስረከቡ። ጉሮሯቸውን የሚያደነዝዘውን መድኃኒት ስረጭላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። "ጉሮሮዬ የት ሄደ?" አሉ። በግራ ጎናቸው አስተኛኋቸው፣ ጣታቸው ላይ የኦክሲጅን መለኪያውን ሰካሁ፣ ቱቦውን እንዳይነክሱት መሐሉ ክፍት የሆነውን ፕላስቲክ በድዳቸው አስያዝኳቸው። ዶክተሯ የማረጋጊያ መርፌውን በጥቂት በጥቂቱ ሰጠቻቸው። ያ ዘወትር የተቋጠረ ግንባራቸው ሲፈታ አየሁ። እንደዚያ ሆኖ ሳየው ደግ ግንባር ነው።

"ዋጥ ያድርጉ ጋሼ። ጎበዝ። አንዴ ዋጥ።"

ቱቦው ገባ። ስክሪኑ ላይ ሮዝ ዋሻ ታየ። መለኪያው ጢት ጢት ይላል፣ እኔ ትከሻቸውን ይዤ "በአፍንጫዎ ይተንፍሱ" እላቸዋለሁ፣ ሁሉም በሰላም እየሄደ ነው። ድንገት ክፍሉ ውስጥ የቀረርቶ ሙዚቃ ፈነዳ።

ሁለተኛው ስልክ! ለካ ካልሲያቸው ውስጥ ሸጉጠውታል። እንዲያ በመርፌ ደንዝዘው፣ ቱቦ በአፋቸው ተሸክመው፣ ጋሼ እግራቸውን አጥፈው ስልኩን መዘዙና ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

"ኧኦ?" አሉ።

ዶክተሯ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ እጇም ሳይንቀሳቀስ፣ "ሲስተር፣ ስልኩን ተቀበያቸው" አለችኝ።

ተቀበልኩ። የግንባታቸው ፎርማን ነው። "ጋሼ! የሲሚንቶው መኪና መጥቷል፣ ሕንፃው በር ላይ ይራገፍ?"

"ጋሼ አሁን ማውራት አይችሉም" አልኩት። "ካሜራ ገብቶባቸዋል።"

"ማነው ያስገባባቸው?" አለ።

"ዶክተሯ!"

"እሺ ሲሚንቶውስ? በሩ ላይ ይሁን?"

"ኧኧኧ" አሉ ጋሼ ከትራሱ።

"እሺ ብለዋል!" አለና ፎርማኑ፣ ቆይተህ ደውል ሳልለው ዘጋው። እኔም ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩና የኦክሲጅኑን ቁጥር ለዶክተሯ አነበብኩላት። ደህና ነበር። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ የኔ ጉዳይ አልመሰለኝም።

ዶክተሯ ሆድ ውስጥ የነበረውን አገኘችው። የአንጀቱ መግቢያ ላይ ቁስል አለ። ፎቶ አነሳች፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ይኖር እንደሆነ ለማየት ከጨጓራው ቅንጣት ናሙና ወሰደች፣ የሚደማ ነገር አለመኖሩን ደግማ አይታ ቱቦውን ቀስ ብላ አወጣች። ጋሼን ወደ ማገገሚያው አልጋ አዛወርናቸውና ለእትዬ መመሪያ መስጠት ጀመረች። ጉሮሮው ስሜቱ እስኪመለስ ምንም አይቅመሱ፤ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ደም ማስመለስ፣ ጥቁር ሰገራ ካዩ ወዲያው ይምጡ።

"ዛሬ መኪና አይነዱም፣ ውል አይፈርሙም፣ ትልቅ ነገር አይወስኑም" አለቻቸው። "መርፌው ሰውን ልበ ገር ያደርጋል። የተናገሩትንም ነገ ላያስታውሱት ይችላሉ።"

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርሳቸውን ከደረታቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ቃል ቢገባስ?"

"የምን ቃል?"

"ቃል ነዋ። እኔ ላስታውሰው እችላለሁ?"

ዶክተሯ አሰበች። "እሱን እንኳ መጽሐፋችን አይከለክልም" አለች።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ሲመለከቱ ቆዩ። "ሲስተር" አሉኝ፣ "ምን የመሰለ ጣሪያ ነው! ማነው የሠራው?"

"እርስዎ ነዎት ጋሼ።"

"ባለሙያ ነኝ" አሉና በደስታ አለቀሱ።

እየተከታተልን አቆየናቸው። ትንፋሻቸውም ልባቸውም ደህና ሆነ፣ ስማቸውን ተናገሩ፣ ሚስታቸውን አወቁ፣ ጥርሳቸው ተመለሰላቸው። እግራቸው ግን እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። እንዲህ ሆኖ ሰው ደረጃ በራሱ አይወርድም፣ ይሄም የዶክተሯ ደንብ ነው። ሊፍት ደግሞ የለም። ስለዚህ አንድ ጠንካራ ወንበር ተገኘ፣ ጋሼ ተቀመጡበት፣ በአንሶላ ወገባቸውን አሰርናቸው። ከጂሙ አሠልጣኙ ተጠራ፣ ከበር ደግሞ ዘበኛው። ዘበኛው የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው፤ ሕንፃው የቆመበት ቦታ የአጎታቸው የጤፍ ማሳ እንደነበር ለገባ ለወጣው ሁሉ ያወራሉ። ወንበሩን ከታች በኩል ያዙና "ሱታ! ሱታ! ቀስ!" እያሉ የኋሊት መውረድ ጀመሩ። አሠልጣኙ ከላይ፣ እኔ ከጎን እጄን ትከሻቸው ላይ አድርጌ፣ እትዬ ከኋላ።

ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ለማረፍ ወንበሩ ተቀመጠ። አሠልጣኙ ላቡን ጠራርጎ ጋሼን አያቸው። ፈገግ ብለውለታል። ዕድሉን ሊያሳልፍ አልፈለገም።

"ጋሼ፣ የኛን መስኮት ነገር..." አለ። የጂሙ መስኮት ተበይዶ የማይከፈት ስለነበር ኮሪደሩ ሁሉ ካልሲ ካልሲ ይሸት ነበር።

"መስኮት!" አሉ ጋሼ። "ሰው አየር አያስፈልገውም እንዴ? ነገ ይከፈት!"

"ሰምቻለሁ" አሉ እትዬ ከኋላ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ወረደ መሰለኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ የፀጉር ቤቱ ሴቶች ቢጎዲናቸውን በራሳቸው እንደጠቀለሉ ኮሪደሩን ሞልተውታል። አንዷ ሻምፑ ጭንቅላቷ ላይ አረፋ እንደሆነ፣ ውሃ ሄዶባት ዓይኗን ጨፍና ነው የወጣችው። ጋሼ እሷን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉላት።

"ይቺን ልጅ ማነው እንዲህ ያደረጋት?"

"ውሃ የለም ጋሼ" አለች አረፋዋ ልጅ።

"ታንከር ይገባል! ትልቅ! ሁለት!"

"ሰምቻለሁ" አሉ እትዬ።

ምድር ቤት ደረስን። መውጫ የለም። መስታወቱ በር ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ከረጢት ተዘግቷል፤ ከከረጢቱ ጫፍ በላይ የፎርማኑ ጭንቅላት ብቻ ይታያል።

"እንዳዘዙት በሩ ላይ አራግፈነዋል ጋሼ!" አለ በኩራት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ካሜራው ወጣ?" አለኝ።

ሠራተኞቹ ከረጢቱን መልሰው እስኪያነሱ ወንበሩን ሊፍቱ በር አጠገብ አስቀመጥነው። ጋሼ በአንሶላ እንደታሰሩ ግራ ቀኝ ለተከራይ ሁሉ እጅ ይነሳሉ። ከዚያ ሊፍቱን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ተጫኑ። ጠበቁ። ደግመው ተጫኑ።

"ለምንድነው የማይመጣው?"

ዘበኛው ናቸው ደፍረው የተናገሩት። "መጥቶ አያውቅም ጌታዬ።"

"በሽተኛ በደረጃ ነው የሚወጣው?"

"በደረጃ ነው።"

ጋሼ እንዲህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። "የዚህ ሕንፃ ባለቤት ማነው? ጥሩልኝ ይሄን ሰውዬ!"

እትዬ ከኋላ ወደ ፊት መጥተው ጎንበስ አሉና "አንተ ነህ" አሏቸው።

"እኔ?"

"አንተ።"

ጋሼ ደነገጡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የቆምነውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩን፤ ከቡቲኮቹ የወጡትን፣ ባለ ቢጎዲኖቹን፣ አሠልጣኙን። "ይቅር በሉኝ" አሉ። "አላወቅኩም ነበር። ይሠራል። ይቺ እዚህ ያለችው ምስክሬ ናት።"

"ሰምቻለሁ" አሉ እትዬ ለሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ መንገዱ ተከፈተና ጋሼን ደግፈን መኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስተኛናቸው። ሹፌሩ የት አለ ብዬ ዞር ዞር ስል፣ እትዬ ከዚያ ጥቁር ቦርሳ የመኪና ቁልፍ አውጥተው መሪው ጋ ተቀመጡ፣ ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡ፣ በዚያ አቧራና ጉድጓድ መሐል ኋላ ማርሽ አስገብተው አንዴም ሳይነኩ ወጡ። ፎርማኑ እንኳ ያላሰበው ስለነበር አጨበጨበ።

ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ትልልቅ የውሃ ታንከሮች ጣሪያ ላይ ወጡ። ብየዳ የያዙ ልጆች መጥተው የጂሙን መስኮት ከፈቱ። አንድ ጠዋት ደግሞ ስገባ የሊፍቱ በር ተከፍቶ ሁለት ሰዎች እስከ ወገባቸው ውስጥ ገብተው አየሁ። ጋሼ በሁለት በሁለት ደረጃ እየዘለሉ ክሊኒካችን ገቡ።

"ማነው ይሄን ሁሉ ያዘዘው? ምን አስወራችሁኝ? ምን አልኩ?"

"ኢንዶስኮፒ ክፍል ውስጥ በሽተኛ የተናገረው ከክፍሉ አይወጣም ጋሼ" አለች ዶክተሯ። "እኛ ምንም አልሰማንም።"

"ከክፍሉ ውጪስ?"

"ከክፍሉ ውጪ ያለውን እትዬን ይጠይቁ።"

ይሄን ሲሰሙ ቁጣቸው እንዴት እንደተነፈሰ ብታዩ! ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እሷማ ነች" አሉ። "ሲስተር፣ በስንት ዓመታችን ትናንት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'ሳልጨቃጨቅህ እሺ ያልከኝ ቀን ያ ብቻ ስለሆነ አላባክነውም' አለችኝ። ምን ልበላት?"

ውጤታቸው በዚያው ሰሞን መጣ። ባክቴሪያው ነው። ዶክተሯ መድኃኒቱን አዘዘች፣ ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡት አስጠነቀቀች፤ እትዬም ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ስለዚህ ማንም አልሰጋም። ጋሼ መድኃኒቱን ጨርሰው ፊታቸው ፈክቶ መጡ። እሳቱ ጠፍቷል፣ ዳቦ በሚጥሚጣ አምሯቸዋል። መጀመሪያ ያ ሁሉ ምን ይመስል እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ዶክተሯ የሆዳቸውን ፎቶ በከለር አትማ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ይሄ በሙሉ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ቀለሙ ግን ጥሩ ነው" አሉና በጥንቃቄ ይዘውት ወጡ።

ምሳ ልበላ ስወርድ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆመው አገኘኋቸው። ዘበኛው ወረቀቱን ወደ ላይ ያዙት፣ ወደ ጎን አዞሩት፣ ራቅ አድርገው በአንድ ዓይናቸው አዩት።

"ልስኑ ቆንጆ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ይሄ ጋ ብቻ ትንሽ ተላጥቷል።"

"እሱ ጋ ነው የታከምኩት" አሉ ጋሼ። "ጨረስኩት።"